የሚበላው ይበላል፣ የተረፈው ይሠራበታል
ከደብረ ታቦር ጓዳ እስከ ፎገራ ሜዳ፦ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩባቸው የክረምትና የመኸር ሥራዎች

በደቡብ ጎንደር ደጋ ያደገ ልጅ ሁሉ ሲሰማው የኖረ አንድ ተግሣጽ አለ፦ «በእህል አትጫወት!» መሬት ላይ የወደቀች ፍሬ ትለቀማለች እንጂ አትረገጥም። የወደቀ ቁራሽ እንጀራ ከእግር መንገድ ይነሣል። ከሌማቱ የተረፈው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፣ ድርቆሹም ተመልሶ ፍርፍር። ይህ ንፍገት አይደለም። በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእብናት ዝናብ የቀረባቸውን ዓመታት የሚያስታውሱ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ እህልን ማክበር እዚያ ከኑሮ የተገኘ እውቀት ነው።

ከውጭ የሚመጡት የሕፃናት መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ግን ሌላ ያስተምራሉ። ፓስታውን ቀለም ቀብታችሁ በክር ሰኩት፣ ሩዙን በሙጫ ወረቀት ላይ ለጥፉት፣ ምስሩን የዓሣ ቅርፊት አድርጉት ይላሉ። ሥራው ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ከሳምንት በኋላ ይጣላል። ይህን አይቶ ቅር የሚለው ወላጅ ኋላ ቀር አይደለም፤ ልክ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው «በእህል አትጫወት» የሚለው ቃል «ከጓዳ ውጣ» ወደሚል ሲዞር ነው። የልጅ እጅ ከሊጥ፣ ከወተት፣ ከብቅልና ከስንደዶ ሲርቅ ከመለኪያው፣ ከኬሚስትሪውና ከጂኦሜትሪውም ይርቃል። በደጋው ቤት ደግሞ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርባቸው ሥራዎች ሁሉ በሁለት ደንብ ያልፋሉ። ከእህል የተሠራ ነገር መጨረሻው ገበታ ይሁን። ለማይበላው ሥራ ደግሞ ልጣጩ፣ አገዳው፣ አተላውና ሣሩ ይበቃል።

ሙልሙሉን ለልጁ ስጡት

መጀመሪያው ቡሄ ነው፤ ሌላ ሊሆንም አይችልም። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው በዓል ደብረ ታቦር ይባላል፣ የደብረ ታቦር ከተማም የተጠራችው በታቦር ተራራ ስም ነው። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፣ ከየቤቱም ሙልሙል ይሰጣቸዋል። አባቶች ሲተርኩት፣ የክርስቶስ ብርሃነ መለኮት በታቦር ላይ ሲገለጥ ሌሊቱ ቀን መስሏቸው በዚያው የቆዩትን እረኞች ወላጆቻቸው ዳቦ ይዘው ፈልገዋቸዋል፤ ሙልሙሉ ያንን ዳቦ ያስታውሳል። በበዓሉ የሚበራው ችቦ የብርሃኑ፣ የሚገመደው ጅራፍ ጩኸት ደግሞ በተራራው የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው።

በከተሞች አሁን ከሙልሙል ይልቅ ብር መስጠት እየበዛ መጥቷል። ብር ለሰጪው ይቀላል፤ ሙልሙል የተቀበለ ልጅ ግን ለእርሱ ብሎ ያቦካና የጋገረ ሰው እንዳለ ያውቃል። እኔ ከዚህ አንድ ደረጃ ልለፍና፣ በዋዜማው ነሐሴ 12 ቀን ሊጡ ልጁ ፊት ይቀመጥ እላለሁ።

ሥራው ከሒሳብ ይጀምራል። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ውሃ ጠጥቶ ወደ 1 ኪሎ ተኩል ሊጥ ይሆናል። እያንዳንዱ ሙልሙል 150 ግራም ቢሆን 10 ይወጣል። ማታ ሦስት የጨፋሪ ቡድን ቢመጣ፣ በየቡድኑም ስምንት ስምንት ልጅ ቢኖር፣ ስንት ኪሎ ዱቄት ይበቃል? ልጁ ይህን በደብተሩ ላይ ቢሳሳት ብዙም አይሰማው ይሆናል፤ የጎረቤት ልጅ ያለ ሙልሙል ደጅ ላይ ሲቀርበት ግን ይሰማዋል። በዓሉ በጾመ ፍልሰታ መካከል ስለሚውል ሊጡ ውስጥ ቅቤም ወተትም እንቁላልም አይገባም። ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ይበቃል።

ነሐሴ በደብረ ታቦር ብርድ ነው፤ ከተማዋ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሊጥ ኩፍ ለማለት ይዘገያል፣ መዘግየቱም ትምህርት ነው። ከአንዱ ቡኮ ሁለት ብርጭቆ ግማሽ ግማሽ ሙሉ። አንዱን ከምድጃው አጠገብ፣ ሌላውን በር ሥር አስቀምጡ። ሊጡ የደረሰበትን ከፍታ በብርጭቆው ዙሪያ በክር አስሩና በየግማሽ ሰዓቱ ልጁ እየለካ ይጻፍ። እርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን የዱቄቱን ስኳር እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ፣ ጋዙ ሊጡን ይነፋዋል፣ ሙቀት ደግሞ ያፈጥናቸዋል። የእንጀራ ዓይን የሚከፈተውም በዚሁ ጋዝ ነው። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ልጅና በብርጭቆ የለካ ልጅ እኩል አያውቁም።

ሊጡ ሲደርስ ግማሹን እናት ወይም አባት እንደ ልማዱ ያድቦልቡሉት፤ ግማሹ የልጁ ነው። ፊደል ይሥራበት። «በ»ን ከድብልብል ሊጥ ሠርቶ በስተቀኝ ወገቡ ላይ ትንሽ ቅንጥብ ሲለጥፍ «ቡ» ይሆናል፣ ቅንጥቧን ወደ እግሩ ሲያወርዳት «ቢ»፣ የቀኝ እግሩን ሲያስረዝመው «ባ»፣ ቀለበት ሲያስገባለት «ቤ»። በእጁ የሠራውን ደንብ ወደ «ለ»፣ ወደ «ሰ»፣ ወደ «ከ» ይወስደዋል። «ሩ»ና «ፉ» ከደንቡ ሲያፈነግጡበት ደግሞ ማንም ሳይነግረው ራሱ ይደርስበታል። ፊደል ገበታ ላይ በጭራ እየተጠቆመ ከመድገም ጋር ይህ አይጣላም፤ ይደግፈዋል። ስሙን በሊጥ ጽፎ ምጣድ ላይ ያሳርፍ፣ አክምባሎው ይከደን፣ ሲበስል ይብላው። በመጋገር ፊደሉ ያብጣል፣ ቀለበቶቹ ይደፈናሉ። በሚቀጥለው ዓመት ቀለበቱን ሰፋ አድርጎ ይሠራዋል።

ጅራፉን ለመግመድም ጊዜ ይኑር። ልጥ ወይም ቃጫ ሦስት አድርጎ መጎንጎን የእጅ ሥራ መጀመሪያ ነው። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ በልጦ ሲወነጨፍ ነው፤ ጅራፉ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚገመደውም ለዚህ ነው።

ከነሐሴ 16 በኋላ፦ ከአንድ እርጎ አራት ነገር

ጾሙ ሲፈታ የወተት ተራ ይመጣል። አያቶች በቅል ይንጡ ነበር፤ ለልጅ እጅ ክዳኑ የሚገጥም ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ይበቃዋል። እርጎውን ከግማሽ አታሳልፉት፣ የሚወዛወዝበት ቦታ ይፈልጋል። ልጆቹ እየተቀባበሉ ይናጡት። መጀመሪያ ድምፁ ውሃ ውሃ ይላል፣ ቀጥሎ ይወፍርና ዝም ይላል፣ በመጨረሻ ቅቤው ተሰብስቦ ጠርሙሱን ሲመታ ይሰማል። የስቡ ጥቃቅን እንክብሎች እየተጋጩ ሽፋናቸው ሲቀደድ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ንጡ የሚሠራው ይህንን ነው። በጣም ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም እምቢ ይላል፣ የደጋው የቀን አየር ግን ይስማማዋል።

ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ ነው። አሬራው በዝግታ ሲሞቅ አይቡ ይለያል፣ አጓቱም ይቀራል። ቅቤ፣ አሬራ፣ አይብ፣ አጓት፤ ልጁ አራቱንም ይመዝን፣ የቅቤው፣ የአይቡና የአጓቱ ድምርም ከመነሻው እርጎ ክብደት ጋር መቀራረቡን ያረጋግጥ። ምንም እንዳልጠፋ፣ መልኩን ብቻ እንደለወጠ በሚዛን ማየት ከብዙ ቃል ይበልጣል።

ብቅልና ንፍሮ

ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ ተራራ ነው፤ በግርጌውና በወገቡ የሚበቅለው ገብስ የፋርታና የአካባቢው ሰው በሶ፣ ቆሎ፣ እንጀራና ጠላ ነው። ለጠላ ብቅል በሚዘጋጅበት ቤት አንድ እፍኝ ገብስ ለልጁ ይለይለት። ይዘፈዝፈው፣ ያጠንፍፈው፣ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በኮባ ቅጠል ይጠቅልለውና በየጠዋቱ ገልጦ ሥሩን በማስመሪያ ይለካ። ቡቃያው ሲታይ አንዷን ፍሬ ያኝካት፤ ጥሬው ያልነበረው ጣፋጭነት አለ። ፍሬው ውስጥ ያለው ስታርች ለሚወለደው ተክል ምግብ እንዲሆን ወደ ስኳር ተለውጧል። ከዚያ ብቅሉ በፀሐይ ደርቆ ከእናቱ ብቅል ጋር ይቀላቀላል።

ንፍሮም ትምህርት አለው። በደብረ ታቦር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፣ ባሕር ዳር ላይ ወደ 94። ባቄላውና ሽምብራው ደጋ ላይ የሚዘገየው እንጨቱ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ዘመድ ካለ ልጆቹ በስልክ ተጠራርተው፣ ከአንድ ጆንያ የወጣ ሽምብራ በአንድ ሰዓት ጥደው ማን ቀድሞ እንደሚያወጣ ይወዳደሩ።

ንፍሮው እስኪበስል ገበጣ ይጫወቱ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙ እጅግ ብዙ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ የጉድጓዱ ቁጥርም ደንቡም በየአገሩ ይለያያል። ከአያት የአካባቢውን ደንብ ጠይቆ መጻፍ ራሱ ለልጅ ጥሩ ምርምር ነው። ጠጠር ከሌለ በአተር ይጫወቱ፤ ጨዋታው ሲያልቅ አተሩ ተቆጥሮ፣ ታጥቦ ወደ ድስቱ ይገባል። ትንንሾቹ ፍሬ ወደ አፍንጫና ወደ ጆሮ እንዳይከቱ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይኑር።

ቀለም ከጓዳ

አንድ ማንኪያ እርድ በትንሽ ውሃ በጥብጡና ነጭ ጨርቅ ቀለም አስይዙ። ቢጫ ይሆናል። አሁን ጥቂት የምድጃ አመድ በውሃ አሳድራችሁ ያጠለለውን ጠብ አድርጉበት፤ ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ሎሚ ጭመቁበት፤ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። አመዱ አልካላይ፣ ሎሚው አሲድ ነው፣ እርዱም ሁለቱን ይለያል። የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ በሌለበት ቀበሌ ሁሉ ይህ ላቦራቶሪ አለ። የአመዱን ውሃ ልጅ በእጁ አይንካው፣ በማንኪያ ይጨመር።

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ዛሬ ጉና ዙሪያ ካሉት ዋና ሰብሎች አንዱ ነው። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ ቀለም ያወጣ ድንች ሶላኒን የሚባል መርዝ ስለሚይዝ መበላት የለበትም። ያ ድንች ለማኅተም ይሁን። ለሁለት ይቆረጥ፣ በተቆረጠው ፊት ላይ መስቀል፣ ሐረግ ወይም የጥበብ ጥለት ይቀረጽ፣ በእርድ ወይም በወፈረ የቡና አተላ እየተነከረ በካኪ ወረቀት ላይ ይታተም። የደብተር ልባስ ይወጣዋል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭም አይጣል፤ ተቀቅሎ ጥጥ ፈትል ቢዘፈዘፍበት ከቢጫ እስከ ቡናማ ይሰጣል።

ከጓዳ ቀለም ማውጣት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የጋይንቷ ቤተ ልሔም በድጓ፣ ዙር አባ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቁ የትምህርት ማዕከሎች ናቸው። ቆሎ ቆርጥሞ የሚያድረው ተማሪ የሚጽፍበትን ጥቁር ቀለም ሊቃውንቱ ያዘጋጁት ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል፣ ሙጫ ጨምረው፣ ለረጅም ጊዜ አሳድረው ነው። ብርዑም ከመቃ ይቀረጻል። ዛሬ ቤት ውስጥ ልጅ የሚሞክረው ቀላል ይሁን፦ ምጣድ ላይ አርሮ ለሰው የማይሆን ገብስ ይፈጭ፣ ከድስት ቂጥ ከተፋቀ ጥላሸትና ከግራር ሙጫ ጋር በውሃ ይዋሐድ። በተቀረጸ መቃ ስሙን ሲጽፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ያየው ብራና እንዴት ያለ ድካም እንደሆነ በጣቱ ያውቀዋል።

ስንደዶ ሲደርስ

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሴት ልጆች ስንደዶ ለቀማ ይወጣሉ። ስንደዶና አክርማ ተሰብስቦ፣ ደርቆ፣ ገሚሱ ቀለም ገብቶ አለላ ይሆናል። ሰፌዱ፣ ሌማቱ፣ ሞሰቡ፣ አገልግሉ፣ ሙዳዩ ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው፤ አብዛኞቹም እህል የሚበጠርባቸው፣ ምግብ የሚቀርብባቸው ወይም የሚቀመጥባቸው ናቸው።

የስፌቱ ስልት ቀላል ይመስላል። አንዱ ሣር በጭብጥ ተሰብስቦ ውስጡን ይሞላል፣ ሌላው በውሃ ርሶ ይጠቀልለዋል፣ ወስፌው ያለፈውን ዙር እየወጋ አዲሱን ያያይዘዋል። ችግሩ መጀመሪያው ላይ ነው። ሥሩ በጣም ጠባብ ስለሆነ ሣሩ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ወስፌውም ይስታል። ለጀማሪ ልጅ እናት ወይም አክስት የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ጀምራ ትስጠው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይከናወንለታል። መጀመሪያ የሚሠራው ሞሰብ አይሁን፤ የስኒ ማስቀመጫ ትንሽ ሰፌድ ይሁን።

ጌጡ ሲጀመር ሒሳቡ ይጠነክራል። ባለሙያዋ ጥለቱን በወረቀት አትነድፍም፣ ስፌቱን ቆጥራ በልቧ ትይዘዋለች። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ እንዲወጣላት ዙሩን ለስምንት ትከፍላለች፣ ዙሩ ሲሰፋ በየክፍሉ እኩል ስፌት ትጨምራለች። አንዱን ክፍል ብትዘነጋ ኮከቡ ይንሻፈፋል። ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ ስፌቶቹን በየዙሩ ቆጥሮ በሰንጠረዥ ቢጽፍ የእድገቱን ደንብ ያገኘዋል።

ሌላም አለ። በሰፌዱ ዙሪያ ክር አዙሩ፣ ያንኑ ክር በመካከሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርጉት። ሦስት ጊዜ ይደርስና ትንሽ ይተርፋል። በምጣዱም፣ በጣሳውም፣ በሞሰቡ ክዳንም ሞክሩት፤ ሁልጊዜ ሦስት ከትንሽ ነው። ያች ትንሽ 3.14 የሚለው ቁጥር ውስጥ ያለችው 0.14 ናት። የስፌቱ ውፍረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በ3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል፤ ሰፌዱ የስኒ ያህል ቢሆን፣ የእንጀራ ያህል ቢሆን ጭማሪው አይለወጥም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ የማይገረሙ ልጆች ጥቂት ናቸው።

ወንዶቹም ይስፉ። ይህን ስል የሚከራከሩኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ግን ማስረጃው እዚያው ደቡብ ጎንደር ውስጥ ነው። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሥራን በጾታ አይከፍልም። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፣ የማኅበረሰቡም መተዳደሪያ ከሆኑት አንዱ ሽመና ነው። ከዚያ በፊትም አፄ ቴዎድሮስ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ሲናቅ በኖረበት አገር፣ ከደብረ ታቦር ብዙ በማይርቀው ጋፋት የእጅ ሙያን የመንግሥታቸው ተስፋ አድርገውት ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 የተሠራው በዚያ ነው፤ የአገሬው ወጣቶችም በዚያ ይሠሩ ከነበሩት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሥር ሆነው ሙያ ይማሩ ነበር። እጁን አፈር ወይም ሣር የነካ ልጅ የሚያፍርበት ምክንያት በዚህ አገር መኖር የለበትም።

ጥቅምትና ኅዳር፦ አገዳው

ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ ግን መኸሩም ደርሷል። ከእብናትና ከታች ጋይንት ቆላማ ቀበሌዎች ጥንቅሽ ወደ ገበያ ይመጣል። ልጆች ይመጥጡታል፤ የሚላጠው ቅርፊት ግን ጠንካራና ተጣጣፊ ነው። ከደረቀ አገዳ ለስላሳ ውስጥ ጋር ሲሰካ በሬ ከነቀንበሩ፣ መኪና፣ መነጽር ይወጣዋል። እረኞች ያለ ሚስማርና ያለ ሙጫ ሲሠሩት የኖሩት ነው፣ መምህርም ቢሆን የሚዛንና የጎማ ዘንግ ትምህርቱን በዚህ ሊያሳይ ይችላል። ቆረቆንዳው ጎማ፣ የበቆሎው ልጣጭ የአሻንጉሊት ቀሚስ ይሆናል።

በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የገባ ሰብል ነው፤ ዛሬ ወረታ ላይ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። የሩዝ ገለባ ለከብት መኖ ስለሚፈለግ ልጁ አንድ እፍኝ ብቻ ይውሰድ። ከዚያች እፍኝ ወይም ከገብስ ገለባ ቀጥ ያሉትን መርጦ፣ አንዱን ጫፍ ጠፍጥፎና ሾል አድርጎ ቆርጦ ይንፋው። ይጮኻል። ሲያሳጥረው ድምፁ ይቀጥናል። አምስት ገለባ በተለያየ ርዝመት ቆርጦ ከትዝታ ወይም ከባቲ አምስት ድምፆች ጋር እስኪስማሙ በየሚሊ ሜትሩ እየከረከመ ማስተካከል የአንድ ሙሉ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ርዝመታቸውን ይጻፍ፣ ሰኞ ለፊዚክስ መምህሩ ይዞለት ይሂድ።